ኳራንታይን ስታስገቡን ወረቀት ስጡን፣ ዳኛም አሳዩን

ይድረስ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ለፍትህ ሚኒስቴር
በህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና ጉዳይ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ

ግልባጭ፦ ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ለህዝብ እንባ ጠባቂ፣ ደሞም ጊዜ ኖሮት ላነበበው ሁሉ

ጉዳዩ፦ ተላላፊ በሽታ አለባችሁ ተብለው ያለፈቃዳቸው ስለሚያዙ ሰዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ይሄን ደብዳቤ በቢሮ አማርኛ ልፅፈው እችል ነበር፣ ስራዬ ነዋ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ፅሁፍ ቤቶች ባንዱ ነው ምውለው፣ ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ አፈፃፀም፣ ያልተየብኩት የለም። «ክቡር ፍርድ ቤቱ እንዲያዝልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ምትለዋን መስመር አይኔን ጨፍኜ ነው ምመታት። ግን እንደዛ አርጌ ከፃፍኩት እናንተም እንደሌላው ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጥታችሁ ፋይል ታረጉታላችሁ ብዬ ፈራሁ፣ ስለዚ እንደማወራው ልፃፈው፣ ቅር እንዳትሰኙ።

ነገሩን ያስነሳው ባለፈው ወር እኛ ግቢ የሆነው ነገር ነው። ከጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ሚኖር ልጅ አለ፣ ጫኝና አውራጅ ነው፣ መድሀኒት የተላመደ ቲቢ ተገኝቶበት ህክምና ጀምሮ ነበር። ከዛ አቋረጠ። አውቃለሁ፣ ማቋረጡ ጥፋት ነው፣ ለኛም አስጊ ነው፣ እኔ ራሴ ልጄን በዛ በኩል እንዳታልፍ ከልክያት ነበር፣ ውሸት ምን ያረጋል። ግን ለምን አቋረጥክ ስለው ያለኝን ስሙት፦ «መድሀኒቱ በባዶ ሆድ ያጥወለውለኛል፣ ሲያጥወለውለኝ ኩንታል መሸከም አልችልም፣ ካልተሸከምኩ ደሞ በምን ልብላ?» መልስ አጣሁለት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ጤና ባለሙያዎችና ሁለት ደንብ አስከባሪዎች መጡ። አከራያችን እማማ ነጠላቸውን ሳያጣፉ ወጥተው «ልጆቼ የት ልትወስዱት ነው?» አሉ። «ሆስፒታል»። «ለስንት ጊዜ?» «እስኪሻለው»። «ማን አዘዘ?» ሲሉ አንደኛው ደንብ አስከባሪ «እማማ፣ ለናንተው ብለን እኮ ነው» አላቸው። ልጁ ምንም አላለም። የቆርቆሮ በሩን ቁልፍ ለእማማ ሰጠ፣ ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ፣ ሄደ። እስከዛሬ አልተመለሰም። ባለፈው ሳምንት ደውዬለት ምግቡ ጥሩ ነው አለኝ፣ መቼ ነው ምትወጣው ስለው «እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«ለናንተው ብለን ነው»። ይቺን አረፍተ ነገር ከእማማ በላይ ነው ማውቃት፣ ምክንያቱም ስድስት አመት ሊሞላው ነው ለኔም ተብላልኛለች።

በ2012፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ሰኔ 5 ቀን ነው ከቤይሩት የገባሁት። ያኔ ሊባኖስ ዶላሩ አልቆ፣ ማዳሞቹ ደሞዝ መክፈል አቅቷቸው ልጆቹን በታክሲ አምጥተው ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው ሚጥሉበት ጊዜ ነው፣ በቲቪ ያያችሁት ይመስለኛል። ከኤርፖርት ቀጥታ በአውቶብስ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ወሰዱን። መንግስት ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጪ ሚገባ ሰው ሁሉ 14 ቀን ለይቶ ማቆያ ይገባል ብሎ ነበር፣ ብር ያለው ሆቴል በራሱ ከፍሎ፣ እንደኛ ያለው ዩኒቨርሲቲና ትምህርት ቤት። በዚህ ቅሬታ የለኝም። እንደውም አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችዋ ልጅ ስትስል እኔ ነኝ ሆስተሷን ጠርቼ ወንበር ቀይሪልኝ ያልኩት። እናቴ ደም ግፊት አለባት፣ ሳልመረመር ቤት መግባት አልፈለግኩም። 14 ቀን ምን አላት፣ አምስት አመት የሰው ቤት ተዘግቶብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ።

በ12ኛው ቀን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ስሜ ተጠራ። ወጣሁ። ከላይ እስከታች ነጩን ኬሚካል ልብስ የለበሰች ልጅ፣ ደረቷ ላይ ስሟ በማርከር ተፅፏል፣ በእጇ ዝርዝር ይዛለች። «ፖዘቲቭ ነሽ፣ እቃሽን ይዘሽ ውረጂ»። ጉልበቴ ከዳኝ። ቀስ ብዬ ወረቀቱን አየሁት፣ ስሜ ከነአባቴ አለ። ከጎኑ፦ እድሜ 34፣ የተነሳችበት ጅዳ።

«እህቴ እኔ እኮ 27 ነኝ፣ የመጣሁትም ከቤይሩት ነው» አልኳት።

እንደገና አየችው። አላየችም አልልም፣ አይታዋለች። «የታይፕ ስህተት ይሆናል» አለችኝ።

ስሜን እዚህ አልፅፈውም እንጂ ብፅፈው ይገባችሁ ነበር፣ ከነአባቴ ሺ ሰው ነው ያለው፣ በየቀበሌው አንድ አታጡም። ለዛውም የአያት ስም ሚባል ነገር ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ሌላኛዋ ልጅ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ እንደነበረች በኋላ ከልጆቹ ሰማሁ፣ ሳል ነበራት አሉ።

በአምቡላንስ ለይቶ ማከሚያ ሚሉት ጋ ወሰዱኝ። ልብ በሉ፣ አሁን በሽታው የሌለባት ሰው በሽታው ያለባቸው መሀል ገባች። እዛ ላገኘሁት ሁሉ ተናገርኩ። ነርሶቹ ደጎች ነበሩ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ በዛ ሙቀት በዛ ልብስ ውስጥ ሲሰሩ ሳይ ራሱ አፍሬ ዝም ያልኩበት ቀን አለ። ዶክተሩን «ውጤቱ የኔ አደለም» ስለው «እኔ ማየው ውጤት ነው፣ ሰው አስገቢ እኔ አደለሁም» አለኝ፣ እውነቱን ነው። በሩ ላይ ያለውን ፖሊስ ስጠይቀው «እህቴ እኔ ታዛዥ ነኝ፣ ጤናዎቹን ጠይቂ»። ጤናዎቹ ደሞ «ከላይ ነው ሚወሰነው»። ከላይ ማን ነው? ስልክ አለው? ቢሮው የት ነው? ሚያውቅ የለም። ከዛ ሰኔ 23 ኢንተርኔት ጠቅላላ ተዘጋ፣ መቼም ያን ሰሞን ምን እንደነበር ታስታውሱታላችሁ፣ ቤይሩት ካሉት ጓደኞቼ ጋ ምገናኝባትም ኢሞ ጠፋች።

ሐምሌ 4 ቀን ሁለተኛው ምርመራዬ ኔጌቲቭ መጣ። እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ነርሶቹ በሩ ጋ ተሰልፈው አጨበጨቡልኝ፣ ያኔ ያገገመ ሰው እንደዛ ነበር ሚሸኘው፣ አንዷ ፎቶ አነሳችኝ። ካልታመምኩት በሽታ ድኜ ወጣሁ። 12 እና 17፣ በድምሩ 29 ቀን።

እስካሁን ያወራሁት የኔን በደል ነው፣ ትንሹ እሱ ነው። ትልቁ ሌላ ነው፦ የኔን ኔጌቲቭ ማን ወሰደው? ያቺ ልጅ እኔ በሷ ቦታ ስተኛ እሷ በኔ ውጤት «ነፃ ነሽ» ተብላ አውቶብስ ተሳፍራ አገሯ ገብታለች ማለት ነው፣ እናቷን አቅፋ፣ ልጆቿን ስማ፣ ለቅሶ ደርሳ፣ ማን ያውቃል። አያችሁ፣ የኔን ጩኸት አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ ነፃ ምወጣው እኔ ብቻ አልነበርኩም፣ በሽታውም በጊዜ ይያዝ ነበር። መብት መብት ሲባል ህክምናውን ሚያደናቅፍ ነገር ይመስላችኋል መሰለኝ፣ እኔ ባየሁት ግን ህክምናውን ያደናቀፈው ሚሰማ ሰው አለመኖሩ ነው።

ዳኛ ሲባል ደሞ ሀኪሞች «ዳኛ ስለ ቫይረስ ምን ያውቃል» ይላሉ። ምንም አይወቅ። እኔ በየቀኑ ዳኞች ሚፅፉትን ትእዛዝ አነባለሁ፣ ስለ ኮንክሪት ጥራትም ስለ ባንክ ዋስትናም የማያውቁትን ነው ባለሙያ ጠርተው ሚወስኑት። የኔን ጉዳይ ያየ ዳኛ ቫይረስ ማወቅ አያስፈልገውም ነበር፣ «ወረቀቱ ላይ ያለችው ይቺ ናት ወይ? ፓስፖርቷን አምጡ» ማለት ብቻ ነበር ሚጠበቅበት።

ህጉን ከጠበቆቹ እየሰማሁ፣ ደሞ ራሴው እየተየብኩት ነው የተማርኩት። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 17 ማንም ሰው በህግ ከተደነገገው ስርአት ውጪ ነፃነቱን አያጣም ይላል። አንቀፅ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰአት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ካልቀረበ ደሞ አካልን ነፃ ማውጣት ሚባል፣ ያላግባብ የተያዘ ሰው ይለቀቅ ተብሎ ሚቀርብ አቤቱታ አለ፣ የፍትሀ ብሄር ስነስርአት ህጉ ቁጥር 177 ላይ፣ እሱን ማመልከቻ ስንቴ እንደተየብኩት ቁጥሩን እንጃ። የሌባ ተይቤያለሁ፣ ሰው ደብድቧል የተባለ ተይቤያለሁ፣ የፖለቲካ ተይቤያለሁ። የበሽተኛ ግን አንድም ቀን። እነዛ 48 ሰአቶች በወንጀል ተጠርጥሮ ለተያዘ ሰው ነው የተፃፉት፣ በሽተኛ ደሞ አልተጠረጠረም፣ አልተከሰሰም፣ ወንጀለኛ አደለም ስለተባለ ወንጀለኛ ያለውን መብት አጣ። ሞባይል የሰረቀ ልጅ በሁለት ቀን ዳኛ ፊት ይቆማል፣ ሳንባው የታመመ ልጅ እስኪሻለው።

በኮሮናው ጊዜ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር ትላላችሁ። አዎ ነበር፣ መጋቢት 30 ታወጀ፣ ህገ መንግስቱም አንቀፅ 93 ላይ ወረርሽኝ ሲመጣ ይታወጅ ብሏል፣ ይሄን ሚክድ የለም። ደንቡን የጣሰ እስከ 3 አመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ይቀጣል ተባለ፣ እሺ። ግን ያው አንቀፅ 93 እኮ መርማሪ ቦርድ ይቋቋም ይላል፣ ሰባት ሰው ያለው፣ ስራውም በአዋጁ ምክንያት የታሰሩ ሰዎችን ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማውጣት ነው። እና እኔ በዛ ሰኔ የታሰርኩ ነበርኩ ወይስ በእንግድነት ነበርኩ? በሩ ላይ ፖሊስ አለ፣ ብወጣ እቀጣለሁ፣ ግን «ታሳሪ» ሚለው ስም ስላልተሰጠኝ በየትኛውም ዝርዝር ላይ አልወጣሁም። ፍርድ ቤቶቹም ከመጋቢት ጀምሮ በከፊል ተዘግተው ነበር፣ አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ነበር ሚያዩት። ያን ያህል ሰው በሚያዝበት ሰአት የዳኛው በር ገርበብ ብሎ መገኘቱ ዛሬም ያስገርመኛል።

አሁን አዋጁ የለም። ቲቢ ግን ከአዋጁ በፊትም ነበረ፣ አሁንም አለ፣ የኛ ግቢ ልጅም የተወሰደው ምንም አዋጅ በሌለበት ማክሰኞ ነው።

ስለ ቲቢው እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ፣ እኔ ከልጁ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። እዚህ አገር መድሀኒት የተላመደውን ማከም የተጀመረው በ2001 ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። ያኔ ህክምናው ወደ ሁለት አመት ነበር፣ ለወራት በየቀኑ መርፌ፣ ከመርፌው ጆሯቸው የደነቆረ ሰዎች አሉ። አሁን የአለም ጤና ድርጅት ከ2022 (በፈረንጅ) ጀምሮ ስድስት ወር ሚወሰድ፣ መርፌ የሌለው፣ ኪኒን ብቻ የሆነ ህክምና መክሯል። ደሞ ትክክለኛው መድሀኒት ከተጀመረ ሰውየው ለሌላ ሰው ማስተላለፉ ቶሎ ነው ሚቀንሰው፣ ስድስት ወር አይፈጅም። ታዲያ «እስኪሻለው» ማለት ምን ማለት ነው? ማስተላለፍ እስኪያቆም ነው ወይስ ጨርሶ እስኪድን? በሁለቱ መሀል የአንድ ሰው ስራ፣ ኪራይ፣ ትዳር አለ። ልጁ እስከዛሬ አልጠየቀም፣ ሚጠይቅበት ቦታም የለም።

ከቢሮ ስወጣ አንዳንዴ ሻይ ምንጠጣ አንድ ጠበቃ አለ፣ ይሄን ሳወራው ስልኩን አውጥቶ የኬንያን ነገረኝ፣ እዚሁ ጎረቤታችን። በ2010 (በፈረንጅ ነው) ካፕሳቤት ሚባል ከተማ የቲቢ መድሀኒታቸውን አቋረጡ የተባሉ ሰዎች ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ፍርድ ቤቱ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ለህክምና ብሎ ስምንት ወር እስር ቤት ላካቸው። እስር ቤት! ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ሚተኛበት፣ መስኮት የሌለው፣ ቲቢ በጣም ሚወደው ቦታ። 46 ቀን ቆይተው ነው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ትእዛዝ የወጡት። ከዛ ጉዳዩ አመታት ፈጅቶ በ2016 ዳኛ ሙምቢ ንጉጊ ወሰኑ፣ የቲቢ በሽተኛን ለህክምና ብሎ እስር ቤት መክተት ህገ መንግስቱን ይጥሳል አሉ፣ መንግስትም ሰው ያለፈቃዱ ሲለይ እንዴት እንደሚለይ ፖሊሲ ያውጣ ብለው አዘዙ። ዳኛዋ ቲቢ ይስፋፋ አላሉም እኮ። መለየት ካስፈለገ በህክምና ቦታ፣ በስርአት ይሁን ነው ያሉት።

ከሱ በፊት በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ በ1980 (ይሄም በፈረንጅ ነው) አንድ የቲቢ በሽተኛ ያለፈቃዱ ሆስፒታል ተዘግቶበት ተከራክሮ ነበር። ጠበቃ የተሰጠው ችሎቱ ከተጀመረ በኋላ ነው፣ ጠበቃው ደንበኛውን በቅጡ ሳያናግር ነው የተከራከረው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄ ክርክር አደለም አለ። በፅሁፍ ይነገረው፣ ጠበቃ በጊዜ ይሰጠው፣ ችሎት ላይ ይገኝ፣ ምስክሮቹን መስቀለኛ ይጠይቅ፣ ማስረጃው ግልፅና አሳማኝ ይሁን፣ ይግባኝ ሚልበት መዝገብ ይኑር። የወደድኩት ግን ሌላውን ነው፣ ሰውየውን ዛሬውኑ ልቀቁት አላለም፣ ነገሩ በስርአት እንደገና እንዲታይ 30 ቀን ሰጠ። ህዝቡም አልተጋለጠ፣ ሰውየውም አልተረሳ። ይሄ በጣም ከባድ ነገር ነው እንዴ?

ዳኛ ሁሉን ያስተካክላል እያልኩ አደለም፣ የዋህ አደለሁም፣ ልደታ ነው ምውለው። ኒውዮርክ ውስጥ ሜሪ ማሎን ምትባል የአየርላንድ ስደተኛ ነበረች፣ እንደኔው የሰው ቤት ሰራተኛ፣ ወጥ ቤት። ራሷ ሳትታመም ታይፎይድ ታስተላልፋለች ተብላ በ1907 (በፈረንጅ) ደሴት ላይ ዘጉባት። በ1909 ፍርድ ቤት አቤት ብላ አልተሳካላትም፣ በ1910 ሁለተኛ ምግብ እንዳትሰራ ቃል አስገብተው ለቀቋት። ከዛ ልብስ አጠባ ሰጧት፣ ደሞዙ ከወጥ ቤት ያነሰ፣ ተመልሳ በሌላ ስም ወጥ ቤት ተቀጠረች፣ ለዛውም የማዋለጃ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሰውም ታመመ። በ1915 ድጋሚ ያዟትና በ1938 እዛው ደሴት ሞተች፣ በድምሩ 26 አመት። ጥፋት የለባትም አልልም፣ እኔም ብሆን ከሷ እጅ ባልበላ ደስ ይለኛል። ግን አትስሪ ስትሏት በምን ትብላ ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖርስ? የኛ ግቢ ልጅም ኩንታሉን ለምን አይተውም ትሉ ይሆናል፣ እናንተ ጤፍ ስንት እንደገባ አልሰማችሁም መሰለኝ።

በየአመቱ ህዳር 12 ቆሻሻ አቃጥለን ሰፈሩን በጭስ ምናፍነው በኛ አቆጣጠር በ1911 ያ የህዳር በሽታ የፈጀውን ሰው እያስታወስን ነው፣ ከመቶ አመት በላይ አልፎት እንኳ አልረሳነውም። ፍርሀታችን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ስጋ ደዌንም አስቡት፣ ዘነበወርቅ ሚባለው ሰፈር እንዴት እንደተመሰረተ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ሊታከም የመጣው ሰው ድኖ እንኳ ሰፈሩ አልቀበልህ ብሎት ስጋ ደዌ ሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ ቀረ፣ ልጅ ወለደ፣ የልጅ ልጅ አየ። እሱን ማንም በህግ አላሰረውም፣ ህዝቡ ነው ያሰረው። ፖሊስና አምቡላንስ ሰፈር ገብቶ ሰው ወስዶ ምንም ሳያብራራ ሲሄድ ለዛ ህዝብ ማረጋገጫ ነው ሚሰጠው። እኛ ግቢ አሁን ያቺን ሰርቪስ ቤት ሚከራይ ጠፍቷል፣ እማማ በበረኪና ሶስቴ አሳጥበዋት።

ፍርሀቱ ደሞ ሰውን ያስደብቃል። እኛ ዶርም ሙቀት ሊለኩ ሲመጡ ፓራሲታሞል ቀድመው ሚውጡ ልጆች ነበሩ፣ አንዷ ግንባሯን በእርጥብ ፎጣ እያበረደች ነበር ምትሰለፈው። ለምን? ፖዘቲቭ ከተባሉ የት እንደሚወሰዱ፣ ለስንት ቀን፣ ሻንጣቸው (የአምስት የስድስት አመት ጉልበት ነው ያለበት) ማን ጋ እንደሚቀር ሚነግራቸው ስላልነበረ ነው። ቀኑ ተቆጥሮ ቢነገራቸው ግማሾቹ ራሳቸው «እኔን ለዩኝ» ይሉ ነበር፣ ምላችሁን አውቃለሁ፣ አብሬያቸው ነበርኩ።

እና ምን ይደረግ ትላላችሁ። ማስጠንቀቂያ ሳትሰጡ ውሰዱን፣ ችግር የለም፣ በሽታ ቀጠሮ አይጠብቅም። ግን ስትወስዱን አንድ ገፅ ወረቀት ስጡን፣ ሙሉ ስም ከነአያት፣ እድሜ፣ የምርመራ ቁጥር፣ በሽታው፣ ያዘዘው ሰው ስምና ፊርማ፣ እስከ መቼ፣ ቅሬታ ሚቀርብበት ስልክ። ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ይሁን፣ ከጅዳ የመጣችው ልጅ አማርኛ ማንበብ ባትችልስ። ከዛ እንደማንኛውም ሰው በ48 ሰአት ውስጥ ዳኛ ይየው፣ መቅረብ ካልቻለ በስልክም በቪዲዮም ይሁን፣ ፍርድ ቤቶቻችን አሁን በፕላዝማ ምስክር ይሰማሉ አደል እንዴ። ጠበቃ መግዛት ላልቻለ ተከላካይ ጠበቃ ይቁምለት። ውጤቱን የተጠራጠረ ሰው ድጋሚ ይመርመር፣ ይሄ ብቻ ቢኖር እኔ ይሄን ደብዳቤ አልፅፍም ነበር። ቀኑ ሲያልቅ ደሞ ያራዘመው አካል ለምን እንዳራዘመ ያስረዳ እንጂ ታማሚው ለምን ልውጣ ብሎ አይለምን። እቤቱ ሆኖ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ማስክ አርጎ፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ እየመጣች መድሀኒቱን እያየችው መዋጥ ሚችል ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይሞከር፣ መዝጋት የመጨረሻው ይሁን። ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ከ1984 (በፈረንጅ) ጀምሮ የሲራኩዛ መርሆዎች ሚባሉት፣ መብት እንዴት እንደሚገደብ ሚናገሩት አለም አቀፍ መርሆዎች ላይ መብት ሲገደብ በህግ ይሁን፣ የግድ ሲሆን ይሁን፣ ቀላሉ መንገድ መጀመሪያ ይሞከር ተብሎ ተፅፏል። እስር ቤትማ በጭራሽ።

ደሞ ዱቄትና ዘይት። ስቄ አደለም ምፅፈው። ለኛ ግቢ ልጅ የስድስት ወር ኪራይና አስቤዛ ቢሰጠው ደንብ አስከባሪም አምቡላንስም አያስፈልግም ነበር፣ ሆስፒታል ከማስተኛት የቱ እንደሚረክስ ፋይናንስ ክፍላችሁን ጠይቁት። የሰውን እጅና እግር ለህዝብ ጥቅም ከያዛችሁ ህዝቡ ወጪውን ይቻል፣ ኪራዩን እማማ ለምን ይክሰሩ።

የቋሚ ኮሚቴ አባላት፣ ህግ ስታወጡ «ስልጣን ያለው አካል ሊለይ ይችላል» ምትል መስመር ስትደርሱ እባካችሁ እዛች ጋ ቆም በሉ። ስልጣን ያለው አካል ማን ነው፣ ስንት ቀን ነው፣ ማን ያየዋል፣ ሶስቱን እዛው አንቀፅ ላይ ፃፉልን፣ «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወጣል» ብላችሁ አትለፉት። እኔ መመሪያዎቹንም እተይባለሁ፣ ስንቶቹ እንደሚወጡ አውቃለሁ።

ያቺን ልጅ ፈልጌያት ነበር። ፌስቡክ ላይ ስሜን ፅፌ፣ የራሴን ስም ማለት ነው፣ ስፈልግ ብዙ ሰው መጣ፣ ግማሹ ፎቶ የለውም፣ ለአስራ ምናምኑ ቴክስት ላኩ፣ ሁለቱ ብሎክ አረጉኝ። አንቺ ይሄን ካየሽ፣ በ2012 ሰኔ ከጅዳ ገብተሽ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ከነበርሽ፣ አልተቀየምኩሽም፣ አንቺም የተሰጠሽን ወረቀት ነው ይዘሽ የሄድሽው። ደህና መሆንሽን ብቻ ብትነግሪኝ።

የዳንሽበት ሰርተፊኬት እኔ ጋ ነው። ክብ ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ እድሜ 34 ይላል። እኔ 34 ምሞላው ገና በሚመጣው አመት ነው።

ከሰላምታ ጋር
ልደታ፣ አዲስ አበባ
2018 ዓ.ም.